የሰፋሁት ሌማትና መሶብ የትኛው ክፍል ይገባል? ዳኛ ለሚመርጠው ኤግዚቢሽን ምክር ፈለግሁ

አለላ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የአካባቢው ሠዓሊ ሁሉ ሥራ የሚያስገባበት፣ ዳኛ የሚመርጠው ኤግዚቢሽን ላይ የተወዳደራችሁ ካላችሁ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። ጽሑፌ ትንሽ ይረዝማል፤ ከመነሻው ካልነገርኳችሁ ግን ጥያቄዬ ግልጽ አይሆንም።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሙያዬ ስፌት ነው፤ ሰፌድ፣ ሌማት፣ ሙዳይ፣ መሶብ። የዕለት እንጀራዬን የማገኘው ግን ዋሽንግተን መሐል ካለ አንድ የመኪና ማቆሚያ ነው፤ የሌሊት ተረኛ ገንዘብ ተቀባይ ነኝ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት በኋላ መኪናው ስለሚቀንስ ወስፌዬን አውጥቼ እሰፋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሰፍቻለሁ። ያስተማረችኝ እናቴ ናት፣ ደብረ ታቦር አጠገብ። ክረምቱ ሲወጣ ለስፌት የሚሆነውን ሣር፣ ስንደዶ፣ ለመልቀም ይዛኝ ትሄድ ነበር። ስምንት ዓመት ሲሞላኝ ወስፌ ሰጠችኝ፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሰፌዶቼን ግን አንድ በአንድ ተርትራ እንደገና አሰፍታኛለች።

ከቤቴ ብዙም የማይርቅ አንድ የሥነ ጥበብ ማእከል በየዓመቱ ኤግዚቢሽን ያዘጋጃል። ከማእከሉ በ75 ማይል ዙሪያ የሚኖር ሁሉ ማስገባት ይችላል። እስከ ሦስት ሥራ ድረስ 35 ዶላር ይከፈላል። ዳኛዋ አንድ ናት፤ ከሌላ ከተማ የምትጋበዝ የሙዚየም ባለሙያ። ቅጹ ላይ የተዘረዘሩት ክፍሎች የዘይትና የአክሪሊክ ቅብ፣ የውኃ ቀለም፣ ንድፍ፣ ኅትመት፣ ፎቶግራፍ፣ ቅርጻ ቅርጽ፣ ሸክላ፣ ፋይበር (የክር፣ የገመድና የጨርቅ ሥራ) እና ሚክስድ ሚዲያ (የተለያየ ቁስ የተቀላቀለበት) ናቸው። ስፌት የሚል የለም።

አምና ትልቁን መሶቤን «ፋይበር» ብዬ አስገባሁ። አራት ወር የፈጀ፣ ከእምብርቱ እስከ ክዳኑ ጉልላት 140 ዙር ያለው መሶብ ነው። ሁለት መስመር ኢሜይል መጣልኝ፤ አልተመረጠም። ከፋኝ፣ አልደብቅም። ቢሆንም የመክፈቻው ዕለት ሄጄ ኤግዚቢሽኑን አየሁት። ከፋይበር ሥራዎቹ አንዱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቋጠሮ በቋጠሮ የሆነ ገመድ ነበር። ፊቱ ቆሜ ቋጠሮዎቹን ሳይ ብዙ ቆየሁ። ሠሪው እጁን ያውቃል፤ ጥሩ ሥራ ነው። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን አንድ ነገር ሲከነክነኝ አደረ፦ ገመድ እዚያ ከገባ ስንደዶ የማይገባበት ምክንያት ምንድን ነው?

ዘንድሮ ሦስት ሥራ አለኝ። አንደኛው ያው መሶብ ነው። ሁለተኛው ሙዳይ። ሦስተኛው ሌማት ሲሆን የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው። እናቴ ከላከችልኝ ሣር ግማሹን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አስቀሩት፤ ዘሩ ያልረገፈ ራስ ተቀላቅሎበት ስለነበር ሕጉ ነውና አልተከራከርኩም። ሌማቱ ግን እኩል ላይ ሣር አለቀበት። ሌላ ጭነት እስኪመጣ መንፈቅ መጠበቅ አልሆነልኝም። ሰው ከፍሎ የሚጥለው የማቆሚያ ትኬት በየሌሊቱ ቅርጫት ሙሉ ነው። ነጭ ነው፤ ጠርዙ ላይ ብርቱካናማ መስመር አለው። በቀጭኑ እየቀደድኩ፣ እያከረርኩ ከአለላው፣ ቀለም ከገባው ሣር፣ ቀጥዬ ሰፋሁት። የጌጡ ሐረግ አልተቋረጠም። ከመሐል እስከ እኩሌታው ቀይና አረንጓዴ አለላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያው ሐረግ በነጭና በብርቱካን ይቀጥላል፤ ቀረብ ብሎ ላየው ሰው የቀኑና የሰዓቱ ቁጥሮች በየስፌቱ ብቅ ይላሉ።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። ሌማቱ ፋይበር ነው ሚክስድ ሚዲያ? ቅጹ ደግሞ «ሥራው የራስዎ ፈጠራ መሆን አለበት፤ በመምህር ክትትል የተሠራ አይገባም» ይላል። ሐረጉን ያገኘሁት ከእናቴ ነው፣ እሷም ከእናቷ። ስሰፋም በስልክ እያየች «እዚያ ጋ አንድ ዘለልሽ» ትለኛለች። ፈርሜ ብልክ ዋሸሁ ማለት ነው? ዋጋስ ስንት ልበል? እዚህ ሐበሻ ሱቅ መሶብ በ200 ዶላር ይሸጣል።

ሸራ ወጣሪ፦

እጅሽ ይባረክ እህቴ። እኔ በዘይት ቅብ ነው የምሠራው፣ አሌክሳንድሪያ። አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ጨርሼ ከመጣሁ ሃያ ዓመት አለፈኝ። በነዚህ ዓመታት ካስገባሁት የወደቀብኝ ካለፈልኝ ይበልጣል፤ ስለዚህ አንድ «አልተመረጠም» ልብሽን አይስበረው።

አሠራሩን ልንገርሽ። ዳኛዋ መጀመሪያ የምታየው ሥራሽን ሳይሆን ምስሉን ነው። በብዙዎቹ ውድድሮች ስምሽ አይታይም። ከምስሉ ሥር ያለው ርእስ፣ የተሠራበት ነገር፣ ልኩ፣ አንዳንዴም ዋጋው ነው። የመጀመሪያው ዙር ፈጣን ነው፤ ምስል በጥቂት ሰከንድ ያልፋል። እዚያ የቀረ እንደገና አይነሳም። ስለዚህ ከክፍሉ ስም ይልቅ «የተሠራበት ነገር» የሚለውን መስመር አጥብቀሽ ያዢ። «ቅርጫት» ወይም «ሣር» ብለሽ አትለፊው። ስንደዶ፣ አክርማ፣ ማቅለሚያ፣ ያገለገሉ የመኪና ማቆሚያ ትኬቶች ብለሽ ዘርዝሪው። ትኬት የሚለውን ቃል ያነበበች ዳኛ ወደ ምስሉ ትመለሳለች።

«የማይገባበት ምክንያት ምንድን ነው» ላልሽው፣ ይገባል። ሳውዝ ካሮላይና፣ ቻርልስተን አካባቢ ሜሪ ጃክሰን የምትባል ሴት አለች። የምትሠራው ሣር በዙር እየጠቀለሉ መስፋት ነው፣ ከናቷ የተማረችው፣ ቅድመ አያቶቿ በባርነት ሲመጡ ከምዕራብ አፍሪካ ይዘውት የመጡት ሙያ። አሰፋፉን ስታዪው ያንቺ እጅ ዘመድ መሆኑን ታውቂዋለሽ። በ2008 አሜሪካ ውስጥ ለላቀ ፈጠራ የሚሰጠው የማካርተር ሽልማት ተሰጣት፣ 500,000 ዶላር። ሥራዋ የአሜሪካ ብሔራዊ ሙዚየሞች በሆኑት በስሚዝሶኒያን ውስጥ አለ። እዚሁ ዋሽንግተን ውስጥ ዳኞች የሚመርጡት የስሚዝሶኒያን የእደ ጥበብ ትርኢት አለ፣ ከ1983 ጀምሮ፤ እዚያ ቅርጫት ስፌት ራሱን የቻለ ክፍል ነው፣ እንደ ብርጭቆና እንደ ሸክላ።

የኛንም ሰው አንርሳ። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ክርና ቁልፍ እየሰፋ ነው የተነሳው፣ ኋላ ደግሞ የተጣለ የኮምፒዩተር ሽቦና ሰሌዳ እያያያዘ ግድግዳ የሚሞላ ሥራ ሠራ። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያንም እዚሁ ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሚያስተምርበት ዘመን ከዛፍ ልጥ በተሠራ ጨርቅ ላይ ሠርቷል። ቁሱ አያሳፍርም።

ስለ ሌሊት ሥራሽም አንድ ልጨምር። ሠዓሊዋ ኤሚ ሼራልድ ባልቲሞር ውስጥ ስትሥል ለብዙ ዓመታት በአስተናጋጅነት ነው የኖረችው። በ2016 የብሔራዊው የቁም ሥዕል ሙዚየም ውድድር ላይ ዳኞች አንደኛ አሏት፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ የሚሼል ኦባማን ሥዕል የሠራችው እሷ ናት። ሁሉም እንዲህ ይሆንለታል አልልሽም። ዳኛ ፊት መቆም ግን ቀን በሌላ ሥራ ለሚውል ሰው ከተከፈቱት ጥቂት በሮች አንዱ ነው።

ያገር ሰው፦

ልጄ፣ አትቀየሚኝ። መሶብ እንጀራ የሚቀርብበት ነው። ሲከፈት ይባረካል፣ ሲበላ ይመሰገናል። ሌማት ባዶ አይቀመጥም ይባል ነበር በኛ ቤት። ባዶውን ሣጥን ላይ አስቀምጠሽ ለማያውቀው ሰው «ፍረድልኝ» ማለትሽ አልዋጥልህ አለኝ። የቆሻሻ ወረቀት ሌማት ውስጥ መስፋቱም ቢሆን ልክ አይመስለኝም። ሙያ በልብ ነው። የናትሽን ሙያ እናትሽ ካወቀችው አይበቃም?

አለላ፦

ሸራ ወጣሪ፣ ከልቤ አመሰግናለሁ። ሜሪ ጃክሰንን ትላንት ሌሊት ፈልጌ አየኋት። ሣሩ ለስላሳ ነው፣ አጨራረሷ ሌላ ነው፣ እጀታውን የምታወጣበት መንገድ እኛ ዘንድ የለም፤ ዙሩ ግን ያው ዙር ነው። የጠዋት ተረኛው እስኪመጣ ድረስ እያየኋት ነበር።

ጋሼ፣ አልተቀየምኩም። ልክ የእናቴን ድምፅ ነው የሰማሁት። ግን አንድ ነገር ልንገርዎ። ሙያ በልብ ነው እየተባለ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰፋ አንድም ሰው ስሟን ጠይቆ አያውቅም። ገበያ ወስዳ ስትሸጥ ገዢው ሰፌዱን ገልብጦ ያያል፣ ጠንካራ መሆኑን በእጁ ይመታል፣ ዋጋ ይቀንሳል፣ ይዞ ይሄዳል። ሰፌዱ ሰው ቤት ይገባል፣ የሰፋችው አትታወቅም። ሥዕል የገዛ ሰው ግን የሠዓሊውን ስም ለእንግዳ ይናገራል። እኔ የምፈልገው ከሌማቱ አጠገብ ትንሽ ወረቀት ላይ የሰፊዋ ስም ተጽፎ ማየት ነው። እንጀራ እንዳይቀርብበት አልከለከልኩም፤ ኤግዚቢሽኑ ሲያልቅ ቤቴ ይቀርብበታል፣ እርስዎም ቢመጡ ደስ ይለኛል።

ስለ ወረቀቱ ያሉት ግን አሳስቦኛል። እናቴም ስታየው «ይኼ ምንድን ነው?» ነው ያለችኝ። ምን እንደምመልስላት አላወቅሁም። ሣር አለቀ አልኳት። ዝም አለች።

የሸክላዋ፦

እኔ ሸክላ አስተምራለሁ፣ ቨርጂኒያ። ሁለት ጊዜ የእንዲህ ዓይነት ኤግዚቢሽን ዳኛ ሆኛለሁና ከወንበሩ ማዶ የሚታየውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ስለ «የራስ ፈጠራ»። ያ ደንብ የተጻፈው የሌላ ሰው ፎቶ አይቶ ለሚሥለውና ክፍል ውስጥ አስተማሪ እየነካካለት ለሚጨርሰው ነው። አሜሪካኖቹ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየገጣጠሙ ብርድ ልብስ ሲሰፉ «የግንድ ጎጆ» የሚሉት አንድ ሐረግ አላቸው፤ ከመቶ ዓመት በላይ በብዙ ሺህ እጅ ተሰፍቷል። ማንም ሰፊዋን «ይኼን ሐረግ አንቺ ነሽ የፈጠርሽው?» ብሎ አይጠይቃትም። ቀለሙን፣ ልኩን፣ የቱ ጋ እንደምትሰብረው የወሰነችው እሷ ናት። ያንቺም እንዲሁ። እናትሽ በስልክ «ዘለልሽ» ማለቷ ክትትል አይባልም። ከጨነቀሽ ለማእከሉ ደውለሽ ጠይቂያቸው፣ ግን ተረጋግተሽ ፈርሚ።

ሁለተኛ ስለ ምርጫው። ባለፈው ዳኛ በሆንኩበት ጊዜ ወደ 400 ምስል ነበር፤ አዳራሹ የሚችለው 60 ነው። የመጨረሻዎቹን ሠላሳ ያህል ስመርጥ «ይኼ ጎበዝ ነው፣ ያኛው ሰነፍ ነው» በሚል አልነበረም። አጠገብ ለአጠገብ ምን ይቀመጣል፣ ግድግዳው ሞልቶ ወለሉ ባዶ አይደለም ወይ፣ አምስት የፀሐይ መጥለቂያ አለኝ፣ ሦስቱ ይቅሩ፤ እንዲህ ያለ ነገር ነው። ያስቀረኋቸውን ሥራዎች አንዳንዶቹን እስከ ዛሬ አስታውሳቸዋለሁ።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። አምና የላክሽው ፎቶ ምን ይመስል ነበር? እውነቱን ንገሪኝ።

አለላ፦

ሳሎን ምንጣፍ ላይ ነው ያነሳነው። የአክስቴ ልጅ ናት በስልኳ ያነሳችው። ረከቦቱ ከጎን አለ፣ ስኒዎቹ ተደርድረው፣ ቄጤማ ተጎዝጉዞ፣ መሶቡ ውስጥ እንጀራ ነበረበት፤ ክዳኑ ከኋላው ቆሟል። ቆንጆ እንዲሆን ብለን ግማሽ ቀን ነው የደከምነው።

የሸክላዋ፦

ገምቼው ነበር። እህቴ፣ እኔም ያን ምስል ባየሁ አሳልፈው ነበር። ሐበሻ ሆኜ ማለቴ ነው። ዐይኔ ስኒው ላይ ያርፋል፣ ቀጥሎ እንጀራው ላይ፣ መሶቡን ሳልደርስበት ቀጣዩ ምስል ይመጣል። ለማታውቀው ዳኛ ደግሞ የምግብ ቤት ማስታወቂያ ነው የሚመስላት። የቡናውን ሥርዐት አላቃለልኩም። ግን ቡናው 140ውን ዙር ጋርዶታል።

ሥራው ብቻውን ይቁም። የውስጡንም አሳዪ፣ ስፌት የሚፈተነው ከውስጡ ነውና። ሌማቱን እኔ ሚክስድ ሚዲያ ሳይሆን ፋይበር ብዬ ነው የማስገባው። ሚክስድ ሚዲያ ውስጥ ሁሉም ሰው ወረቀትና ሙጫ ይዞ ስለሚመጣ ትኬትሽ አያስደንቅም። ፋይበር ውስጥ ግን ወረቀቱ እንደ ሣር መሰፋቱ ነው ነገሩ፣ እዚያ ሲሆን ይታያል።

መግለጫውን ስትጽፊ «መሶብ የባህላችን መገለጫ ነው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ተዪው። እዚህ የጻፍሽው ይበልጣል። ሣሩ አለቀ፣ ትኬቱ ቀጠለ። ያንን ጻፊ።

መስቀያ፦

እኔ ጋለሪ ውስጥ ሥራ እሰቅላለሁ፣ ክፈፍም እሠራለሁ። ስለ ጥበቡ የሚያውቁት ነግረውሻል፤ እኔ ስለ እጅ ሥራው ልጨምር።

ለፎቶው ከፎቶ ዕቃ መሸጫ ግራጫ ጥቅል ወረቀት ግዢ። ከግድግዳው ላይ አንጠልጥለሽ ወለሉ ድረስ ሳይታጠፍ ለስለስ ብሎ ይውረድ፣ ሥራውን እሱ ላይ አስቀምጪ። መብራት ሁለት ይበቃል። አንዱን ከጎን ዝቅ አድርጊው፣ የእያንዳንዱ ዙር ጥላ እንዲወጣ። ከፊት ብቻ ካበራሽበት ስፌቱ ጠፍቶ የተቀባ ሣህን ይመስላል። የስልኩን ፍላሽ በፍጹም። አንድ ሙሉውን የሚያሳይ፣ አንድ ደግሞ አለላው አልቆ ትኬቱ የሚጀምርበትን ከቅርብ አንሺ። ቅጹ ለእያንዳንዱ ሥራ ተጨማሪ የዝርዝር ፎቶ የሚፈቅድ ከሆነ እንዳታልፊው።

የሣር ሥራ ስለሆነ ሌላም ነገር አለ። ጋለሪዎች ተባይ ይፈራሉ፣ ልክም ናቸው። ሙዚየሞች የሚያደርጉት ሥራውን በፕላስቲክ አጥብቀው አሽገው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ቢያንስ ሳምንት ማቆየት ነው። የቤት ፍሪዘር ያን ያህል ስለማይቀዘቅዝ ሁለት ሳምንት ተዪው። ስታወጪው ደግሞ ፕላስቲኩን ወዲያው አትፍቺ፤ ሙሉ በሙሉ ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ አንድ ቀን ጠብቂ፣ አለበለዚያ ጤዛው ሣሩ ላይ ይወርድና ቀለሙ ይደማል። መሶቡ ፍሪዘር አይበቃውም፤ ሌማቱንና ሙዳዩን ግን አድርጊው።

ዋጋ ላይ ሱቁን እርሺው። ሱቅ ያለው ለሱቅ የተሰፋ ነው። ጋለሪው ከሽያጩ የሚወስደውን አስቀድመሽ እይ፣ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 40 በመቶ ነው። ካንቺ ጋር የሚቀረውን አስበሽ ተነሺ። መሸጥ ካልፈለግሽ «አይሸጥም» ብለሽ መጻፍ ትችያለሽ፣ ግን ያኔም ለመድን የሚሆን ዋጋ ይጠይቁሻል።

ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሥራ ከኋላው ማንጠልጠያ ሳይኖረው ካመጣሽ አይቀበሉሽም፤ ይህንን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

አለላ፦

ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው የምጽፈው፣ ይቅርታ።

እንዳላችሁኝ አደረግሁ። ግራጫውን ወረቀት ገዛሁ፣ ከጎረቤቴ ሁለት መብራት ተዋስኩ። መብራቱን ከጎን ዝቅ ሳደርገው ዙሩ ሁሉ ብድግ አለ። እኔ ራሴ ሰፍቼው አንድ ቦታ ላይ እጄ የጠበቀበትን፣ አንድ ቦታ የላላበትን ያየሁት ያኔ ነው። የላላው ሌሊቱ ረጅም የነበረ ቀን የሰፋሁት መሆን አለበት።

ሦስቱንም ፋይበር ብዬ አስገባሁ። መግለጫው ላይ የጻፍኩት ይኼ ነው፦ «ይህን ሐረግ እናቴ ከናቷ ተማረች፣ እኔ ከሷ። ሣሩ ከኢትዮጵያ መጣ፤ ሌማቱ ሳያልቅ አለቀ። በምሠራበት የመኪና ማቆሚያ ሰዎች ከፍለው የጣሉትን ትኬት ቀድጄ ቀጠልኩት። እያንዳንዱ ትኬት ላይ ያለው ሰዓት ነቅቼ የነበርኩበት ሰዓት ነው።» ከዚህ በላይ አልጻፍኩም። ሌማቱን 900 ዶላር አልኩ፤ ማእከሉ 35 በመቶ ይወስዳል፣ ለኔ 585 ይቀራል። ስጽፈው እጄ ተንቀጥቅጧል። እናቴ እስከ ዛሬ በሸጠችው ሰፌድ ሁሉ ይህን ያህል አላገኘችም።

ሐሙስ መልሱ መጣ። ሌማቱ ተመርጧል። መሶቡና ሙዳዩ አልተመረጡም።

ኢሜይሉን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ደስታዬ ሙሉ ነው። ስለ መሶቡ ግን አዝኛለሁ፤ በእጄ ካለፈው ሁሉ ጥሩው እሱ ነው፣ ከርቀት ያየ የኛ አገር ሰፊ ያውቀዋል። ዳኛዋ የመሶብ ስፌት አይታ ስለማታውቅ ከምን ጋር ታወዳድረዋለች? የሸክላዋ እንዳለችው የአዳራሹ ቦታም ሊሆን ይችላል። እዚሁ አካባቢ መሶብ ሲያይ ዙር የሚቆጥር ዳኛ የሚቀመጥበት ቀን እስኪመጣ በየዓመቱ አስገባዋለሁ።

ለእናቴ ደወልኩላት። «የቱን ነው የመረጡት?» አለች። ነገርኳት። አሁንም ዝም አለች። ከዚያ «ካሜራውን አስጠጊው» አለችኝ። አስጠጋሁት። ትኬቱ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ጣቷን እያሳየች ቆጠረች፤ ስድስት፣ ሦስት፣ ስድስት። «አልዘለልሽም» አለች። ጋሼ፣ ይህን ለእርስዎም ብዬ ነው የጻፍኩት።

ሸራ ወጣሪ፦

እሰይ! እልል ብያለሁ ከስቱዲዮዬ። መክፈቻው መቼ ነው? ሁላችንም እንመጣለን።

ያገር ሰው፦

ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። እናትሽ አልዘለልሽም ካለች እኔ ምን እላለሁ። ባለቤቴን ይዤ እመጣለሁ፣ እሷም ወይዘሪት ሳለች ሰፊ ነበረች። ስምሽ ከተጻፈው ወረቀት አጠገብ ቆመን ፎቶ እንነሳለን። የናትሽስ ስም አይጻፍም?

አለላ፦

ጋሼ፣ ይጻፋል። ደውዬ ጠይቄያቸው መግለጫው መጨረሻ ላይ አስገብተውልኛል።

መክፈቻው የሚመጣው ዓርብ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ መግቢያ ነፃ ነው። አድራሻውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እልካለሁ።

ቅዳሜ ዕለት ሌማቱን አድርሻለሁ። በነጭ አንሶላ ጠቅልዬ፣ የአክስቴ ልጅ እየነዳች፣ እኔ ጉልበቴ ላይ ይዤው ሄድን። የተቀበለችኝ ወጣት ልጅ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው፣ ለካች፣ 26 ኢንች ብላ ጻፈች። «በመቆሚያ ሣጥን ላይ ልናስቀምጠው ነበር፣ ዳኛዋ ግን ግድግዳ ላይ ይሰቀል ብላለች፤ ማንጠልጠያ አላዘጋጀሽለትም መሰለኝ» አለችኝ። መስቀያ፣ አንተ የጻፍከው ትዝ አለኝና ሳቄ መጣ። ገለበጥኩላት። ከጠርዙ ሥር እናቴ ሁልጊዜ የምታሰፋኝ የቆዳ ቀለበት አለ። እናቴ ቤት ሌማት ከገበታ ሲነሳ ቦታው ግድግዳ ላይ ነው፣ ከምሰሶው በስተቀኝ፣ ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

ልጅቷ ቀለበቱን ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ አድርጋ ሞከረችው። ያዘ። አንድ ምስማር አምጥታ ከመግቢያው ፊት ለፊት ሰቀለችው።